አሥሩ ወር የኮሮና፣ ሠላሳ አንዱስ የማን?

ለንደን ውስጥ ዋተርሉ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው የሒሳብ ዓመት፣ በ2019/20 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ገቢና ወጪው ተደምሮ 86.9 ሚሊዮን መንገደኛ ተቆጥሮበታል። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ 12.2 ሚሊዮን ሆነ። ከሰባት መንገደኛ ስድስቱ የለም ማለት ነው። የአገሪቱን የአንደኛነት ደረጃ ስትራትፎርድ የሚባለው ሌላው የለንደን ጣቢያ በ14 ሚሊዮን ብቻ ወሰደው።

በመላ ብሪታንያ በባቡር የተደረገው ጉዞ በዚያው ዓመት ከ1.74 ቢሊዮን ወደ 388 ሚሊዮን ወረደ። የመንገደኞቹ ዓመታዊ መዝገብ የሚጀምረው በ1872 ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑበት ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ያነሰ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ሁለት የዓለም ጦርነት አልፏል፣ ለንደን በቦምብ ተደብድባለች፣ የ1926ቱ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ታይቷል። አንዱም ይህን አላደረገም።

ሰው ከባቡሩ በጠፋበት በዚያ ሰሞን ከዚችው ከተማ ሥር ገና አንድም መንገደኛ ያልጫነ፣ ግን ሊያልቅ የተቃረበ የባቡር መስመር ተጋድሞ ነበር። በግንባታው ዘመን ስሙ ክሮስሬል ነው፤ ዛሬ የኤልሳቤጥ መስመር ይባላል። ከምዕራብ ከሬዲንግና ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ መሀል ለንደንን ከሥር ሰንጥቆ፣ በምሥራቅ ሼንፊልድና አቤይ ዉድ ይደርሳል። ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣቢያዎቹ 41 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አሥሩ አዲስ ናቸው፤ ሌሎቹ ድሮ የነበሩና የታደሱ ናቸው።

ይህን መስመር ለማውጣት 42 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተቆፈረ። የቆፈሩት ስምንት ማሽኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1,000 ቶን ገደማ ይመዝናሉ፣ 150 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፣ ከፊታቸው ያለው መቁረጫ ክብ ስፋቱ 7.1 ሜትር ነው። ማሽኑ አፈሩን እየበላ ወደፊት ይገፋል፤ ከኋላው ደግሞ የኮንክሪት ቁራጮችን ቀለበት አድርጎ እየገጠመ ግድግዳ ይሠራል። በዚህ ዓይነት ከ200,000 በላይ ቁራጮች ተገጥመዋል። ቶተንሃም ኮርት ሮድ ላይ ማሽኑ ያለፈው መንገደኛ እያመላለሰ ባለ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል የቀረው ከአንድ ሜትር ያነሰ አፈር ነበር። መሐንዲሶቹ ቦታውን «የመርፌ ቀዳዳ» ይሉታል። ከላይ ያለው የለንደን ሕዝብ ምንም ሳያውቅ ቡናውን ይጠጣ ነበር። የወጣው አፈር ወደ 7 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል። ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚሆነው በኤሴክስ ጠረፍ ወዳለችው ወደ ዋላሲ ደሴት ተወስዶ የአእዋፍ መጠለያ ሆኗል።

ባቡሩም ራሱ ጉድ ነው። ዘጠኝ ፉርጎ፣ 205 ሜትር ርዝመት፣ ቆሞም ተቀምጦም 1,500 ሰው። በእኛ ሚኒባስ ታክሲ፣ በሕጋዊው በ12 ሰው ብንመነዝረው 125 ሚኒባስ ይሆናል። ዕቅዱ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በመሀል ከተማው በኩል በሰዓት 24 ባቡር በየአቅጣጫው ማሳለፍ ነበር፤ በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ባቡር፣ በሰዓት 36,000 ሰው በአንድ አቅጣጫ። ይህ አንድ መስመር ብቻውን የመሀል ለንደንን የባቡር አቅም በ10 በመቶ ያሳድጋል ተብሎ ነው የተሠራው።

የመክፈቻው ቀን ዲሴምበር 9 ቀን 2018 ነበር። ልብ በሉ፤ 2018። ኮሮና የሚባል በሽታ ዓለም ከመስማቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ።

የመክፈቻው ቀን ልክ 100 ቀን ሲቀረው፣ ኦገስት 31 ቀን 2018፣ የግንባታው ኩባንያ «አልደረሰም፣ ለ2019 መጸው ይሆናል» አለ። መጸው ሳይደርስ፣ በኤፕሪል 2019፣ «ከ2020 ኦክቶበር እስከ 2021 ማርች ባለው ጊዜ» ሆነ። በኖቬምበር «2021» ብቻ ተባለ። በጃንዋሪ 2020 ደግሞ «የ2021 ክረምት» ተባለ፤ እነሱ ክረምት የሚሉት ፀሐይ የሚወጣበትን ወራት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ሠራተኛ ጭምብል አላደረገም፣ አንድም የሥራ ቦታ በወረርሽኝ ምክንያት አልተዘጋም።

ታዲያ ምን ያዘው? ሰው ዋሻ ሲያይ ዋናው ሥራ ቁፋሮው ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው የሚለው። ቁፋሮው በ2012 ተጀምሮ በሜይ 2015 አልቋል፤ ሦስት ዓመት። መስመሩ የተከፈተው ሜይ 24 ቀን 2022 ነው። ተራራ የሚያህል አፈር ለማውጣት ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጨረስ ሰባት ዓመት!

«ከዚያ በኋላ ያለው» ዓይን የማይሞላ ነገር ነው፦ ሽቦ፣ የእሳት ማንቂያ፣ አየር ማስተላለፊያ፣ ሬዲዮ፣ በር፣ ከሁሉም በላይ ሶፍትዌር። ባቡሩ አንድ ጉዞ ሲሄድ በሦስት የተለያዩ የሲግናል ሥርዓቶች ውስጥ ማለፍ አለበት። በምሥራቅ በኩል ባለው አሮጌ ሐዲድ ሾፌሩ መብራት እያየ የሚነዳበት የቆየ ሥርዓት አለ። በመሀል ዋሻው ባቡሩና ማዕከሉ ያለማቋረጥ በሬዲዮ እየተነጋገሩ ኮምፒዩተር ፍጥነቱን የሚመራበት አዲስ ሥርዓት አለ። ወደ ሂትሮው በሚወስደው ዋሻ ደግሞ አውሮፓ በጋራ ያወጣው ሦስተኛ ሥርዓት አለ። ባቡሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በጉዞ ላይ እያለ፣ ሰው ጭኖ ነው። ሽግግሩ አንዴ ቢሰናከል አንድ ባቡር ዋሻ ውስጥ ይቆማል፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ሌላው ከኋላው ይደርሳል።

ይህን ለመፈተሽ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ግን ቀድሞ ተበልቶ ነበር። በኖቬምበር 2017 ፑዲንግ ሚል ሌን በሚባለው ቦታ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ፈነዳና ወደ ዋሻው ኃይል መልቀቁ በወራት ዘገየ። የመጀመሪያው የሙከራ ባቡር ወደ መሀሉ ዋሻ የገባው በፌብሩዋሪ 2018፣ መክፈቻው አሥር ወር ሲቀረው ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት ቢሮ በ2019 ባወጣው ሪፖርት የነገሩን ሥር ገልጦ አሳይቷል። ሥራው ለ36 ዋና ዋና ኮንትራቶች ተከፋፍሎ ነበር፤ የአንዱ መዘግየት ሌላውን ይይዛል። ሆኖም ኃላፊዎቹ በዲሴምበሩ ቀን ሙጥኝ ብለው ነበር። ግንባታው በዘገየ ቁጥር ለሙከራ የተመደበውን ጊዜ እያሳጠሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እያስኬዱ ቀጠሉ። የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ቀኑ የተቆረጠው ለመሐንዲሱ አልነበረም፤ ለመግለጫው ነበር።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ማርች 2020 መጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም ይህ መስመር ከወረርሽኝ ጋር የተገናኘው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ አይደለም። በ2013 ፋሪንግደን አጠገብ ቻርተርሃውስ አደባባይ ላይ ጉድጓድ ሲወርድ 25 አጽም ተገኘ። ጥርሳቸው ሲመረመር ከአንዳንዶቹ ውስጥ በ1348 ለንደን የገባው የጥቁር ሞት ተሕዋስ ዱካ ወጣ። በ2015 ደግሞ ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ አጠገብ፣ አዲሱ መግቢያ ሊሠራበት በታሰበው መሬት፣ ቤድላም የተባለ አሮጌ የመቃብር ቦታ ተከፈተ። ከ3,000 በላይ አጽም ወጣ። ከእነዚህ ውስጥ 42ቱ በአንድ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ የተቀበሩ ነበሩ። ሃያ ሰዎች ተመርጠው ጥርሳቸው ጀርመን አገር ሲመረመር በአምስቱ ውስጥ የ1665ቱ ታላቁ ቸነፈር ተሕዋስ ተገኘ፤ በዚያ ቸነፈር ዘረመል ሲገኝ የመጀመሪያው ነው።

የ1665ቱ ቸነፈር ራሱ የቁጥር ሰው ነበረው። ለንደን ያኔ በየሳምንቱ የሟች ዝርዝር ታትሞ ይሸጥባት ነበር፤ በየደብሩ ስንት ሰው በምን ሞተ የሚል። በሴፕቴምበር አጋማሽ በአንድ ሳምንት ብቻ በቸነፈር የሞተ ተብሎ የተጻፈው 7,165 ሰው ነው። በዓመቱ የተመዘገበው 68,596 ሲሆን፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እውነተኛው ወደ 100,000 ይጠጋል ይላሉ፤ የከተማው ሩብ ያህል። ከ355 ዓመት በኋላ የዚያችው ከተማ ሰው በየማታው ቴሌቪዥን ከፍቶ የቀኑን የሟች ቁጥር ይጠብቅ ነበር። የሁለት ዘመን ቸነፈር ቆፍሮ ያወጣው መስመር በሦስተኛው ተያዘ።

ማርች 23 ቀን 2020 የአገሪቱ ሕዝብ ቤቱ እንዲቀመጥ ታዘዘ። በማግሥቱ በክሮስሬል የሥራ ቦታዎች ግንባታው ቆመ። ሥራው ቀስ በቀስ ሲመለስ ርቀት ለመጠበቅ ሲባል በአንድ ጊዜ መግባት የሚችለው ሠራተኛ ቢበዛ 2,000 ነው ተባለ፤ ከቀድሞው ከግማሽ በታች ማለት ነው። የቀረው ሥራ ደግሞ ለርቀት የሚመች አይደለም። ሁለት ሰው በጠባብ የኬብል ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሆኖ የሚሠራው ሥራ ነበር የቀረው። በመላ አገሪቱ የባቡር ሾፌሮች ሥልጠናም ተቋረጠ፤ አሠልጣኝና ሠልጣኝ በአንድ ጠባብ የሾፌር ክፍል ውስጥ ሁለት ሜትር ተራርቀው መቀመጥ አይችሉም። ሾፌር ከሌለ አዲስ የጊዜ ሰሌዳ የለም፤ የጊዜ ሰሌዳ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለ ሁለት ሜትሩ አንድ ስሌት እዚህ ላይ ላስገባ። የለንደን ትራንስፖርት ባለሥልጣን ያኔ እንደገመተው፣ ርቀት ተጠብቆ የምድር ውስጥ ባቡር መጫን የሚችለው ከ13 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መንገደኛ ነው። በዚህ ልክ 1,500 ሰው የሚጭነው አዲስ ባቡር የሚይዘው ቢበዛ 225 ሰው ነው። ከ18 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት ማለት ነው!

ባለሥልጣኑ ራሱ ኪሱ ተራቁቶ ነበር። በኤፕሪል 2020 የምድር ውስጥ ባቡሩ መንገደኛ በ95 በመቶ ቀነሰ። ይህ መሥሪያ ቤት ያኔ ለሥራ ማስኬጃ ከሚያገኘው ገቢ 70 በመቶ ያህሉ ከትኬት ነበር፤ ባቡሩ ባዶ ሲሄድ ካዝናውም ባዶ ሆነ። በሜይ መንግሥት 1.6 ቢሊዮን ፓውንድ አስቸኳይ ድጋፍ ሰጠው። በዲሴምበር ደግሞ ክሮስሬልን ለመጨረስ 825 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ተፈቀደ።

ኩባንያው በኦገስት 2020 አዲሱን ቀን ነገረ፦ የ2022 የመጀመሪያ አጋማሽ። በዚያው ወር ሙከራውን ለስድስት ሳምንት ያህል አቁሞ ግንባታው ላይ ብቻ ተረባረበ። በነገራችን ላይ፣ ከሁሉም የተሻለው ውሳኔ ይህ ይመስለኛል። ለዓመታት ሁለቱን ባንድ ላይ እያስኬዱ ሁለቱንም ሲያበላሹ የኖሩ ሰዎች በመጨረሻ አንዱን አቁመው ሌላውን ጨረሱ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከዲሴምበር 2018 እስከ ሜይ 2022 ያለው መዘግየት 41 ወር ነው። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ኩባንያው በገዛ አፉ የተናገረው የመጨረሻ ቀን የ2021 ክረምት ነው፤ እስከ ጁላይ ብንሰጠው 31 ወር ይሆናል። ለወረርሽኙ ዘመን የሚተርፈው 10 ወር ነው። በገንዘብም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ2010 የተቆረጠው በጀት 14.8 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። በ2018 መጨረሻ 17.6 ቢሊዮን ሆነ፤ በኖቬምበር 2019 ግምቱ እስከ 18.25 ቢሊዮን ወጣ። ከወረርሽኙ በኋላ የተጨመረው 450 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከተጨመረው ከእያንዳንዱ ዘጠኝ ፓውንድ ስምንቱ ከኮሮና በፊት የተጨመረ ነው። አሥሩ ወርና 450 ሚሊዮኑም ቢሆን ሁሉም የቫይረሱ ነው ማለት አይደለም፤ ኩባንያው ራሱ የቀረው ሥራ ካሰበው በላይ መሆኑን በዚያው ወቅት አምኗል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የጊዜ ሰሌዳ ታሪክ ነው፤ እኔን በይበልጥ የሚገርመኝም እሱ ነው። ሜይ 10 ቀን 2021 ባቡሮቹ ያለመንገደኛ በመደበኛ ሰሌዳ መሮጥ ጀመሩ፤ በሰዓት አራት፣ ኋላ አሥራ ሁለት፣ ኋላ ሃያ አራት። በኖቬምበር ፈቃደኛ ሰዎች መንገደኛ መስለው ከዋሻው የመውጣት ልምምድ ማድረግ ጀመሩ። መስመሩ በሜይ 2022 ሲከፈት እንኳ ሰሌዳው ሙሉ አልነበረም፦ በመሀል ከተማው በየአምስት ደቂቃው አንድ ባቡር፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ምሽቱ 5፡00 በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፤ እሑድ የለም። ቦንድ ስትሪት ጣቢያ በኦክቶበር ተጨመረ። ኖቬምበር 6 ላይ ከምዕራብም ከምሥራቅም የሚመጡ ባቡሮች በቀጥታ ወደ መሀሉ ዋሻ መግባት ጀመሩ፣ እሑድም ታከለ። በሰዓት 24 ባቡር የሚለው ሙሉ ሰሌዳ የተሟላው በሜይ 2023 ነው።

እንዲህ በጥንቃቄ መራመድ የተማሩት በውድ ዋጋ ነው። በሜይ 2018 የብሪታንያ ባቡሮች ሰሌዳ በአንድ ሌሊት በሰፊው ተለውጦ ነበር። ሾፌር ያልሠለጠነበት መስመር በዛ፤ ሁለት ኩባንያዎች ብቻ በከፋው ጊዜ በቀን ወደ 780 ባቡር ይሰርዙ ነበር። ያን ጊዜ ወረርሽኝ አልነበረም፣ ጎርፍም አልነበረም። ወረቀቱ ከሰው ቀድሞ ስለወጣ ነው።

ሰው ይመለሳል ወይ የሚለው ጥያቄ በወረርሽኙ ወራት ትልቅ ጥያቄ ነበር። ቢሮ ድሮ ቀረ፣ ሁሉም ከቤቱ ይሠራል፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ዋሻ ለማን ነው የሚሉ ነበሩ። መልሱን ሊቨርፑል ስትሪት ሰጠ። አጽሞቹ የወጡበት ያ ጣቢያ በ2022/23 ከ80 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ቆጥሮ ዋተርሉን አልፎ የብሪታንያ አንደኛ ሆነ። መስመሩ ሙሉ ሰሌዳውን ከያዘ በኋላ በዓመት ከ200 ሚሊዮን በላይ ጉዞ ያስተናግዳል። በመላ አገሪቱ በባቡር ከሚደረገው ጉዞ ከሰባቱ አንዱ ገደማ የሚደረገው በዚህ በአንዱ፣ ለ41 ወር «ዛሬ ነገ» ሲባል በኖረው መስመር ነው።

ሌላም አለ። ለንደንን ከኤዲንብራ የሚያገናኘው የምሥራቅ ጠረፍ ዋና መስመር 4 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶበት፣ ተጨማሪ ባቡር የሚያስገባ አዲስ የጊዜ ሰሌዳ በሜይ 2022 እንዲጀምር ታቅዶ ነበር። ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ ለዲሴምበር 2025 ተቆረጠ። እዚያም ወረርሽኙ ስሙ ተነሥቷል።

አንባቢዬ፣ የትም አገር ይሁን፣ ባቡርም ይሁን መንገድ ወይም ሆስፒታል፣ አንድ ኃላፊ ፊትዎ ቆሞ «ኮሮና ነው ያዘገየብን» ካለ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁልኝ፦ በጃንዋሪ 2020 ይህ ሥራ መቼ ያልቃል ብለው ነበር?